የአማቴን ሳቅ ፍለጋ

እሑድ፣ ለሠርጉ አሥር ሳምንት ሲቀረው

ይህን ደብተር የጀመርኩት “ዓይኔ” አዞኝ ነው። ዓይኔ የካሜራ ሱቅ አለው፤ ደንበኛውን ሁሉ “ዓይኔ” እያለ ስለሚጠራ እሱም ስሙ በዚያው ቀረ። ያነሳሁትን ፎቶ ሁሉ በየትኛው ሌንስ፣ በምን ዓይነት ብርሃን እንዳነሳሁትና ምኑ እንደተበላሸ ካልጻፍኩ መቼም አልሻሻልም አለኝ። እሺ ብዬ ተቀመጥኩ። ስለ ብርሃን ልጽፍ ብዬ ስለ አማቴ ልጽፍ ነው መሰለኝ።

ሥራዬ ጥርስ መሥራት ነው። ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሟ ላይ ፎቅ ሆና ከታካሚው አፍ ልኬት ትወስዳለች፤ እኔ ምድር ቤት ቁጭ ብዬ ልኬቱን በጀሶ እሞላለሁ፣ ጥርሱን በሰም ላይ እደረድራለሁ፣ እሞርዳለሁ፣ እወለውላለሁ። ካሜራ የገዛሁትም የሠራሁትን ጥርስ ከቅርብ አንስቼ ለሐኪሟ ለማሳየት ነበር። ከዚያ መስኮት ላይ ያረፈች እርግብ አነሳሁ። እርግቧ ናት ጉድ የሠራችኝ።

ዛሬ ከምሳ በኋላ የባለቤቴ ታናሽ እህት፣ ሁላችንም “ትንሿ” የምንላት፣ የሠርጓን ፎቶ እኔ እንዳነሳላት ጠየቀችኝ። ደረቴን ነፋ አድርጌ ይታሰብበታል አልኩ። በልቤ ግን እየጨፈርኩ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ።

“ጋሼ፣ እማዬ ስትስቅ አንሳልኝ። አንድም የለንም። ከሠርጉ በኋላ ሩቅ ነው የምሄደው፤ ሳቋን ይዤ ልሂድ። ሌላው ሁሉ ቢበላሽ ግድ የለኝም።”

ኮምፒውተሬን ከፍቼ ፈለግሁ። አማቴ አብረውን ነው የሚኖሩት፤ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ፎቶ አለኝ። በእጅ የተሸፈነ አፍ፣ በሻርፕ የተሸፈነ አፍ፣ በብርጭቆ የተሸፈነ አፍ፣ ማጅራት። ያልተሸፈነው ደግሞ ግጥም ተደርጎ ተዘግቷል። ካሜራ ይፈራሉ ማለት ነው። በጥርሳቸው እንኳ የሚያሳፍር ነገር የለባቸውም፤ የላዩን ሙሉ ጥርስ ከስምንት ዓመት በፊት የሠራሁላቸው እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ ቅሬታ አሰምተው አያውቁም።

ማክሰኞ

ጀሶው እስኪደርቅ ልጻፍ።

ትናንት እራት ላይ ሞከርኩ። ቀልድ ጣል አደረግሁ፣ ሊስቁ ሲሉ ፍላሹ ቦግ አለ። ሾርባው ጠረጴዛ ላይ። የአማቴ እጅ አፋቸው ላይ። የባለቤቴ ዓይን እኔ ላይ።

ፍላሽ አይሆንም። ያለ ፍላሽ ጨለማ ውስጥ የሚያነሳ ሌንስ ያስፈልጋል። ዓይኔን ልጠይቅ።

ሐኪሟ ጠራችኝ። ደርቋል።

ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሳምንት

ፍላሹን ሰጥቼ ሌንስ ለወጥኩ። ዓይኔ ይሄ ሌንስ በጧፍ ብርሃን ያነሳል አለኝ። የካሜራ ማቆሚያ ትራይፖድም መረቀልኝ፤ አንዱ እግሩ ትንሽ ያነክሳል እንጂ ደህና ነው።

ባለቤቴ የአንሶላውን ቁምሳጥን ከፍታ ቆማ ቀረች። አንሶላ የለም። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ሁለት ሌንስ፣ የካሜራ ቦርሳ፣ እርጥበት የሚመጥጡት ትንንሽ ከረጢቶች። ከታች ትራይፖዱ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

“እሱን ብርድ እንዳይመታው፣ እኛ ምን ለብሰን እንተኛ?” አለች።

እኔ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም፤ ዞር ስትል ግን ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ረቡዕ፣ ስምንት ሳምንት

ከሥራ ስገባ አማቴና ትንሿ ወጥ ቤት ውስጥ ያወራሉ። ጆሮዬን ጣል ላደርግ ብዬ አልነበረም፤ ጫማዬን እየፈታሁ ነው። አማቴ “የቤተሰቡ ፎቶ ላይ ከረጃጅሞቹ ጀርባ አቁሙኝ። እሱ ደግሞ አጉልቶ ማየት ይወዳል” አሉ። ትንሿ አፍንጫዋን ሳበች። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር መሰለኝ።

ነገሩ ገባኝ። ሰፊ ሌንስ ዳር ላይ የቆመ ሰው ፊት ይለጥጣል። ባለፈው የልደት ፎቶ ላይ አንድ ጉንጫቸውን አሳብጬባቸዋለሁ፤ ቅር ብሏቸው ነው። ሰፊው ሌንስ ከነገ ጀምሮ ከቦርሳ አይወጣም። ዓይኔ ከሩቅ የሚያነሳ ረጅም ሌንስ ነበረው፣ ካልሸጠው።

እራት ላይ እንደ ሁልጊዜው የዳቦውን ቅርፊት ልጠው ለእኔ አስቀመጡልኝ። እሳቸው ውስጡን ብቻ ቆንጠር ቆንጠር አደረጉ። ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ናቸው። በዚህ ቤት እንደ እሳቸው የሚወደኝ የለም።

እሑድ፣ ሰባት ሳምንት

የሙከራ የቤተሰብ ፎቶ። አሥራ አንድ ሰው ደረጃ ላይ ደረደርኩ። አማቴ ከኋላ፣ ከረጃጅሞቹ ጀርባ፤ ግንባራቸው ብቻ ይታያል። የጀርባው ግድግዳ ደብዘዝ እንዲል ብዬ የአዲሱን ሌንስ ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት።

ደበዘዘ። ግድግዳውም ሰውም አብሮ። ጥርት ብሎ የወጣው የባለቤቴ አጎት የሸሚዝ ቁልፍ ብቻ ነው። አጎትየው ግን ቁልፉን በጣም ወደደው፤ ታጥቦ ይሰጠኝ ብሏል።

ቅዳሜ፣ ስድስት ሳምንት

ዓይኔ ረጅሙን ሌንስ ለአንድ ሳምንት አዋሰኝ። መዋስ መግዛት አይደለም። ክንዴን ያህላል። በጃኬቴ ሸፍኜ ሳስገባው ባለቤቴ በር ላይ አገኘችኝና “ይቺ ጃኬት ወሯ ገብቷል መሰል” ብላ አለፈች።

በረንዳ ላይ ወጣሁ። እኛ አራተኛ ፎቅ ነን። ታች ግቢው ውስጥ፣ ከቧንቧው አጠገብ ባለችው አግዳሚ ላይ አማቴና የምድር ቤቷ ልብስ ሰፊ ተቀምጠዋል። ልብስ ሰፊዋ የሆነ ሰው አረማመድ በእጆቿ እያሳየች ታወራለች። ሌንሱን አነጣጠርኩ። አማቴ አፍንጫዬ ሥር መጡ፣ እጄን ብዘረጋ የምነካቸው መሰለኝ።

ከዚያ ሳቁ። አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ አፋቸውን በሰፊው ከፍተው፣ ጭናቸውን በመዳፋቸው እየመቱ። እንዲህ ሲስቁ አይቼ አላውቅም፤ ድምፁ እንኳ እላይ ድረስ መጣ። ዘጠኝ ጊዜ አነሳሁ። ተሳክቷል።

እንግዲህ ልክ ነበርኩ። ካሜራ ካላዩ ይስቃሉ። መፍትሔው ርቀት ነው። የሠርጉ አዳራሽ ሰገነት እንዳለው ማጣራት አለብኝ።

ያው ቅዳሜ፣ ማታ

ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት። አዲስ ሌንስ የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የፎቶውን ጥግ ነው፤ መሃሉማ በየትኛውም ሌንስ ጥሩ ነው፣ ርካሽ ሌንስ የሚታወቀው ጥጉ ላይ ነው። እስከ መጨረሻው አጎላሁት። የግራው ጥግ ጥርት ብሏል። የታችኛው የቀኝ ጥግ የአማቴ ጉልበት ነው። ጉልበታቸው ላይ መሐረብ ተዘርግቷል።

መሐረቡ ላይ ጥርስ አለ። የላይ ጥርስ፣ ሙሉ። እኔ ከፊተኞቹ ሁለት ጥርሶች ቀጥላ ያለችውን የግራዋን ትንሽ ጠምዘዝ አድርጌ ነው የምደረድራት፣ የተፈጥሮ እንድትመስል። ሌላ ሰው እንዲህ አይሠራም። ያቺ ጥርስ ጠምዘዝ ብላለች።

ከዚያ ነው ወደ ሳቁ የተመለስኩት። የላይኛው ድድ ባዶ ነው።

ሊያጥቡት አውጥተውት ይሆናል። ቧንቧውም እዚያው አጠገባቸው ነው። የሆነው ሆኖ ሌንሱ እስከ ጥጉ ድረስ እንከን የለውም።

ሰኞ

ጀሶ። ቶሎ ቶሎ ልጻፍ።

ቁርስ ላይ ብስኩቱን ሻይ ውስጥ ነክረው ነክረው በማንኪያ ጠጡት። ቅዳሜ ጥርሱን ያወጡት ሙቀት ስለሆነ ይሆናል።

እራት ላይ ካሮቱን ወደ ዳር። ፖም ሲቀርብ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አድርገው “ብላ ልጄ” አሉኝ።

ቅርፊቱ። ስምንት ዓመት ሙሉ የበላሁት ቅርፊት።

ጀሶው እጄ ላይ ደረቀ። የአንድ ምስኪን ሰው የጀሶ መንጋጋ አበላሸሁ። ሐኪሟ ዛሬ ምን ሆነሃል አለችኝ። ሌንስ ነው አልኳት።

ማክሰኞ

ባለቤቴን ጠየቅኋት። ልብስ እያጠፈች ነበር። ፎቶውን አሳየኋት፤ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ልብሱን አስቀመጠች።

“ታውቂ ነበር?”

“ሁላችንም እናውቃለን።”

“ትንሿም?”

“ትንሿም። ልብስ ሰፊዋም። እማዬ አስምላን ነው። ልጄ ለፍቶ የሠራልኝን አልተመቸኝም ብዬ ፊቱን አላጠቁርም አለች። አንተ ስትገባ ታደርገዋለች፣ ስትወጣ ታወልቀዋለች።”

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያን ጊዜ ልኬቱን የወሰድኩት ራሴ ነኝ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ሐኪም ጋ አልሄድም ስላሉ። ልኬት መውሰድ ሥራዬ አይደለም፤ ግን ማን ከእኔ በላይ ብዬ ገባሁበት። እሳቸው አማች ፊት አፍ መክፈት አፈሩና ግማሽ ብቻ ከፈቱ። እኔ ደግሞ ሰፋ ያድርጉልኝ ማለት አፈርኩ። ሁለት የሚተፋፈሩ ሰዎች የወሰዱት ልኬት ነው። የጎደለውን በግምት ሞላሁት። ሳደርግላቸው “ልክክ ብሏል” አሉኝ። አመንኩ፣ ማመኑ ስለጣመኝ። የከተማውን ሰው ጥርስ በአጉሊ መነጽር እያየሁ እውላለሁ፤ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ከማዕድ ሳይጠግቡ የሚነሱትን ግን አላየሁም።

ሆዴ ባባ። ባለቤቴ አንተ አልቅሰህ እሷን እንዳታስለቅሳት፣ ይልቅ መላ ፈልግ አለችኝ።

ዓርብ

ረጅሙን ሌንስ መለስኩ። ዓይኔ እንዴት ነው ብሎ ጠየቀኝ። እስከ ጥጉ ጥርት አድርጎ ያሳያል አልኩት። ታዲያ ውሰደው እንጂ አለ። ላሁኑ ያየሁት ይበቃኛል አልኩት።

መላው ደግሞ ይኸው ነው። እውነቱን ብነግራቸው ለስምንት ዓመት የደበቁት ነገር ታወቀባቸው፤ በኀፍረት ያልቃሉ። ስለዚህ ዋሸሁ። እራት ላይ፣ ወደ ሳህኔ እያየሁ፣ ክሊኒካችን ለጥርስ ልኬት የሚሆን አዲስ ዕቃ ገዝቷል፣ የሚሞከርበት ሰው ግን አጣን፣ ካላስቸገርኩዎት እርስዎ ቢተባበሩን አልኩ።

አማቴ ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

“አንተ መቼም አዲስ ዕቃ ሲባል አያስችልህም” አሉ። “እሺ። ለአንተ ስል።”

ባለቤቴ ወጥ ቤት ውስጥ ማንኪያ ጣለች። በዚህ ቤት ስለ አዲስ ዕቃ የማወራው ሁሉ ይታመናል፤ ቁምሳጥኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ።

ረቡዕ፣ አምስት ሳምንት

ሐኪሟን አስቀድሜ ለመንኳት፣ እኔ ክፍሉ ውስጥ እንዳልገኝ። ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ፤ ተራቸውን ከሚጠብቁ ሰዎች እኩል ጥፍሬን እየበላሁ። በበሩ በኩል ሐኪሟ “ሰፋ ያድርጉ፣ ገና፣ ገና” ስትል ይሰማኛል። ከዚያ አማቴ ሲስቁ ሰማሁ። ምን ተባብለው እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

ልኬቱ ምድር ቤት ሲደርሰኝ ወደ መብራቱ አስጠግቼ አየሁት። አንዲት ቦታ አልጎደለችውም። በሥራ ዘመኔ እንዲህ የሚያምር ልኬት አላየሁም። ፎቶ አነሳሁት።

ሐሙስ፣ ሦስት ሳምንት

በዚህ ሳምንት የካሜራ ቦርሳዬን አልከፈትኩም። አንድ ታካሚ ጥርሴ ዘገየ ብሎ ተቆጣ፤ እውነቱን ነው።

ጥርሱን በሰም ደርድሬ ወደ ላይ ላክሁት፣ አማቴ እንዲሞክሩት። ሐኪሟ ከአማቴ አንዲት መልእክት ይዛ ወረደች። ያቺን ጠማማ ጥርስ አቃኑልኝ ብለዋል አለች። ጠማማ። እኔ ደግሞ ጥበብ መስሎኝ ነበር። አቀናኋት።

ሰኞ፣ ሁለት ሳምንት

ጥርሱ አለቀ። ቤት ወስጄ ሰጠኋቸው፤ ጓዳ ገብተው አድርገውት ወጡ። ባለቤቴና እኔ ሳሎን ቆመን እንደ ተከሳሽ እንጠብቃለን። በምላሳቸው ዳሰሱት።

“ልክክ ብሏል” አሉ።

ያችኑ ቃል። 

ረቡዕ

እራት ላይ አማቴ ቶሎ “በቃኝ” አሉ። ባለቤቴን ጠየቅኋት፣ ምንም አልነገረችኝም አለች። ይህችንም እንደገና አስምለዋት ይሆናል። ሰው እቤቱ ውስጥ ሰላይ ሆኖ መኖር አለበት?

ቅርፊቱ ዛሬም ለእኔ መጣ።

ዓርብ

ሦስት ጊዜ ልጠይቃቸው አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። ብጠይቅስ ምን ይሉኛል? ልክክ ብሏል።

ቅዳሜ

ጠዋት ሳሎን ቁጭ ብዬ ለሠርጉ የምይዛቸውን ሌንሶች እየወለወልኩ ነበር። አማቴ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ቀሚሳቸውን አስተካከሉ። አንዱን ሌንስ አንስተው አዩትና መልሰው አስቀመጡት።

“ልጄ” አሉ፣ “እዚህ ጋ ይቆረቁረኛል።”

ጨርቁ ከእጄ ወደቀ። የቱ ጋ ብዬ ጠየቅኋቸው። በግራ በኩል፣ ከላይ፤ ሲነካቸው እስከ ዓይናቸው ድረስ ይሰማቸዋል። ሲያወሩበት ደግሞ ያፏጫል። ሌላስ አልኳቸው።

“ሌላማ፣ የበፊቱ ከዚህ ይብስ ነበር።”

ሁለታችንም ወለሉን አየን። “ያኔም ሊነግሩኝ ይገባ ነበር እማማ” አልኩ። እሳቸው ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞረው አፋቸውን ከፈቱልኝ። በሰፊው፣ እኔው ፊት። በግራ በኩል ድዳቸው ቀልቷል፤ ሕፃን ልጅም ያየዋል። ሮጬ ክሊኒክ ሄድኩ፣ መሞረጃዬን ይዤ ተመለስኩ፣ እዚያው ሳሎን ውስጥ ሞረድኩላቸው። አደረጉት፣ ገና ነው አሉ። ሞረድኩ። አሁንም ትንሽ ቀረው አሉ፤ ደግሞ ሞረድኩ። እንደዚህ ደስ የሚል ስሞታ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። አራተኛ ቢጨምሩልኝ ደስታዬ ነበር።

ምሳ ላይ ካሮት ሲሰበር ሰማሁ። ባለቤቴም ሰማች።  አማቴ ቅርፊቱን ከነዳቦው ራሳቸው በሉት።

ከምሳ በኋላ የበረንዳውን ፎቶ አሳየኋቸው። ተደብቄ እንዳነሳኋቸው ነገርኳቸው፤ ይቅርታ ጠየቅሁ። ሦስት ጊዜ ላጠፋው ብዬ እጄ እንዳልታዘዘኝም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት።

“ጥርስ የላትም እንጂ ደስ የምትል ሴትዮ ናት” አሉ። ለማንም እንዳላሳየው አዘዙኝ። ለእሳቸው ግን አልፎ አልፎ እንዳሳያቸው።

እሑድ፣ የሠርጉ ማግስት

እግሬ ተቀጥቅጧል፣ ትከሻዬ የእኔ አይመስለኝም። አራት መቶ ሃያ ፎቶ አለኝ። ሰገነት አልወጣሁም፤ ቀኑን ሙሉ የዋልኩት ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ፣ ከካሜራው ጋር አብሮት በመጣው ተራ ሌንስ ነው። የሚያነክሰው ትራይፖድ አንድ ጊዜ ሊወድቅ ሲል የሙሽራው አባት ያዘው።

አማቴ የቤተሰቡ ፎቶ ላይ የፊተኛው ረድፍ መሃል ላይ ናቸው። ሳቁ። ሙሽሮቹ ሲገቡ ሳቁ፣ አጎትየው ንግግር ሲያደርግ ሳቁ፣ ኬኩ ሲቆረስ ሳቁ። የሙሽራው ዘመዶች እኚህ ሴትዮ ምን ቢያገኙ ነው ሳይሉ አልቀሩም። ብዙው ፎቶ ተንቀሳቅሷል፤ ሰው ከልቡ ሲስቅ አንድ ቦታ አይረጋም። አሥራ አምስቱ ግን ጥርት ብለዋል። ትንሿ መኪና ውስጥ ልትገባ ስትል አንዱን ካሜራው ላይ አሳየኋት። ትከሻዬን ስማ ገባች።

መኪናው ከሄደ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ወንበር እየተነሳ ነበር። አማቴ ከጥግ ጠሩኝ። ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ሌላ ወንበር ላይ ሰቅለዋል። አንድ ፎቶ አንሳኝ አሉ። ራሳቸው ሲጠይቁኝ የመጀመሪያቸው ነው።

ቀረብኩ፣ አነጣጠርኩ። እግራቸውን አውርደው ቀጥ ብለው ተቀመጡ፣ ከንፈራቸውን ገጠሙ። ጠበቅሁ። አሁንም እንደገጠሙ ናቸው። በግራ በኩል ያለው እንደገና የጀመራቸው መሰለኝ።

“እማማ፣ ይቆረቁርዎታል?”

“አይ፣ ደህና ነው።”

“እንግዲያ ፈገግ ይበሉልኛ።”

“ተወኝ እስቲ” አሉ። “እስከ ዛሬ የዘጋሁት መክፈት አቅቶኝ ነው። አሁን ወድጄ ልዝጋው። ልጄ ሄደችብኝ እኮ።”

አንድ ብቻ አነሳሁና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።